ለወፍ የገዛሁት የሰርግ ካሜራ

ጡረታ የወጣ ሰው ሁለት ነገር ይበዛለታል፤ ጊዜና መካሪ። ጊዜው እንኳ ደግ ነው፤ መካሪው ነው የሚያስቸግረው። እኔ ካሜራ ልገዛ ነው ያልኩ ቀን በሐዋሳ ከተማ ስለ ካሜራ የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ባጃጅ ነጂው ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩ ያውቃል። ሰፈራችን ጥግ ሎሚ የምትሸጠው ሴትዮ እንኳን፣ ሎሚውን እየመረጠችልኝ፣ "ጋሼ፣ ባትሪው እንዳይሸውድዎት" ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ቆይ፣ ቆይ። ከካሜራው በፊት የመጣችው ወፏ ናት። ከሷ ልጀምር።

እኔ ቀያሽ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በማዘጋጃ ቤት ሜትር ስጎትት፣ ባለ ሦስት እግሯን መነጽር ስተክልና ስነቅል ኖርኩ። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ጎረቤት ከጎረቤቱ በአጥር ሲጣላ የምጠራው እኔ ነበርኩ። "ድንበሩ እዚህ ጋ ነው" ካልኩ እዚያ ጋ ነው። አጥር ይነሳል፣ ግንብ ይፈርሳል፣ ሰው ያኮርፈኛል። ግን "አቶ ገብሬ ዋሸ" ያለኝ አንድም ሰው የለም። ይህችን ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሷ ናት።

ጡረታ ስወጣ ሐኪሙ በእግርህ ተንቀሳቀስ አለኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ መውረድ ጀመርኩ። ከሐይቅ ዳር ተነስቼ አሞራ ገደል ድረስ። አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን የሚያወጡበት ዳርቻ ነው። ዓሣው እዚያው ይበለታል፤ የተጣለውን ለመልቀም ደግሞ አባ ኮዳ ተሰልፎ ይጠብቃል። አባ ኮዳን የማያውቅ እንግዳ ካለ፣ ቁመቱ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የሚያህል፣ ራሰ በራ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ አሞራ ነው። አቋቋሙ ደመወዝ የዘገየበትን ዘበኛ ይመስላል።

አንድ ጠዋት ታዲያ አንዱ አባ ኮዳ ከጓደኞቹ ተለይቶ ሸንበቆው አጠገብ ቆሟል። እኔም ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቆሜአለሁ። ድንገት ከሸንበቆው ውስጥ አንዲት ሚጢጢ ወፍ ብልጭ ብላ ወጣችና አናቱ ላይ ቁጭ! ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካን፣ መንቁሯ ቀይ። ዓሣ አጥማጅ ወፍ ናት፤ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ራሰ በራው ላይ ባርኔጣ ሆነችለት። እሱ ንቅንቅ አላለም። እሷ ከዚያ ላይ ሆና ውኃውን ታያለች፣ ጥልቅ ትላለች፣ ትንሽዬ ዓሣ ይዛ ትመለሳለች፣ እንደገና አናቱ ላይ። በጌታ! ብቻዬን ቆሜ እንደ እብድ ሳቅሁ። ከስንት ዓመት በኋላ እንዲያ እንደሳቅሁ አላውቅም።

ስልኬን አውጥቼ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳየው አንድ ግራጫ ነገር አለ፤ ግራጫው ነገር ላይ አንድ ነጥብ አለ። ባለቤቴ አስካለ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን አቅርባ አርቃ አየችና፣ መስታወቱ ቆሽሿል ብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ቅዳሜ ሲደርስ ወሬውን ይዤ ወደ ሸንጎ ገሰገስኩ። ሸንጎ የምንላት ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለች ካፌ በረንዳ ናት። ጡረተኞች ነን፤ አምስት ስድስት ሆነን እንሰበሰባለን፣ በማኪያቶ ሀገር እንመራለን። የሸንጎው ሊቀመንበር ዳንጊሶ ነው። ዳንጊሶ የሃያ አምስት ዓመት ጓደኛዬ ነው። የሲዳማ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የተከበረ፣ ቁም ነገረኛ። ዳኛ ነበር። እሱ ከፍርድ ቤት ጡረታ ወጣ እንጂ ዳኝነቱ ከእሱ ጡረታ አልወጣም። ማኪያቶ ሲያዝ እንኳን "ተወስኗል" ይላል።

ወሬዬን አወራሁ። ሁሉም ሳቁ። ዳንጊሶ አልሳቀም። ፊቱን ቅጭም አድርጎ ማስረጃ አለህ ወይ አለኝ። ዓይኔ አልኩት። ዓይንህ ከሳሽ ነው፣ ከሳሽ ለራሱ አይመሰክርም አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት። አየው፣ አገላብጦ አየው፣ መለሰልኝ።

"ይህ ነጥብ ነው" አለ። "በነጥብ ሰው አይፈረድለትም። ውድቅ ነው፤ ተወስኗል።"

አለቀ። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ስሜ ባለባርኔጣው ሆነ። ምን ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ሽንኩርት ተወደደ ስላቸው፣ አናቱ ላይ ወፍ ነበረበት ወይ ይሉኛል። ሆዴን አመመኝ ብል፣ ማስረጃ አምጣ ይሉኛል። ሸንጎው አልበቃ ብሎ ነገሩ ሰፈር ገባ። የዕድር ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለ ድንኳን ኪራይ ስናገር ከኋላ አንዱ ከት ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

ስቄ ያለፍኩት መሰልኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ገንዘብ የለኝም፣ ሹመት የለኝም፤ ከሥራ ዓለም ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ቃሌ ነበር። ያቺንም አንዲት ከአውራ ጣት የማትበልጥ ወፍ ይዛብኝ በረረች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዳንጊሶ ነው። ሌላው ይሳቅ። እሱ ግን ያውቀኛል እኮ!

እንግዲህ ካሜራ ያስፈለገኝ በዚህ ነው። ለመዝናናት አይደለም፤ ስሜን ለማስመለስ ነው።

ሁለት ወር እንዲህ ሲሳቅብኝ ከርሜ የዕቁብ ዕጣዬ ወጣልኝ። አስካለ ደግሞ ሶፋ ልትቀይርበት ዓይኗን ጥላበታለች። ነገሩን ስነግራት ሰማችኝና፣ ወፏ እኮ በነጻ ነው የምትታየው አለች። እውነቷን ነው፣ ምን ትመልሳላችሁ? ሁለት ቀን ሳኮርፍ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ይህን ፊት ይዘህ ሶፋዬ ላይ ከምትቀመጥ ካሜራህን ግዛ ብላ ለቀቀችኝ። እግዜር ይስጣት።

ያኔ ነው መካሪ የፈላው። የአስካለ ወንድም ካሜራ በክብደቱ ነው የሚታወቀው አለኝ። አንስተኸው ክንድህን ካላመመህ ፎርጅድ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ሜጋፒክስሉ ስንት ነው እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። ሜጋፒክስል ምን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ቢሆንም ካሜራ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር እኔም "ሜጋፒክስሉ ስንት ነው?" ማለት ጀመርኩ። ሰውም በአክብሮት ይመልስልኛል። በካሜራ ዓለም ሁለት ትልልቅ ስሞች አሉ፤ ደጋፊዎቻቸው እንደ ኳስ ደጋፊ ናቸው። የአንዱን ስም በሌላው ፊት ካነሳችሁ መሰዳደብ ይመጣል። አንድ ጎረምሳ ደግሞ በሐዘኔታ አየኝና፣ ጋሼ፣ ይህ ዲኤስኤልአር የሚሉት ትልቁ ካሜራ እኮ ጊዜው አልፎበታል አለኝ። የኔም አልፎብኛል፣ እንግባባለን ብዬ ሸኘሁት።

በመጨረሻ ፒያሳ ሄድኩ። ህይወት የምትባል ፎቶ አንሺ ሱቅ አላት፤ ካሜራም ትሸጣለች። ሐዋሳ ውስጥ አግብቶ በህይወት እጅ ያልተነሳ ሰው ጥቂት ነው። ስገባ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ ሰርግ ነው ልደት ብላ ጠየቀችኝ። ወፍ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ።

"አሃ! ሙሽሮቹ የሚለቋቸውን ርግቦች ነው፣ ጋሼ?"

የምን ሙሽራ! የጫካ ወፍ፣ የሐይቅ ወፍ፣ ያላገባች ወፍ ብዬ አስረዳኋት። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ።

ሁለት ካሜራ አወጣችልኝ። ሁለቱም ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው አለች። አንደኛው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሜጋፒክስሉ የትየለሌ፣ ሌንሱ ግን አጭር። ሁለተኛው ያገለገለ፣ ጥጋ ጥጉ የተላላጠ፣ ስንት ሰርግ ያየ፤ ሌንሱ ግን ክንድ ያህላል። ልቤ አዲሱን አለ። ማን አሮጌ ይወዳል? እንዳጋጣሚ ማዶ የመብራት ገመድ ላይ አንዲት ርግብ አርፋለች። ሱቁ በር ላይ ቆምኩና በአዲሱ አየኋት። ርግቧ ጤፍ አከለች። በአሮጌው አየኋት። ዓይኗ ሳይቀር ታየኝ፤ እንዲያውም ያፈጠጠችብኝ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ቀያሽነቴ ተነሳ። ሌላ ነገር ይሸውደኝ ይሆናል፤ በርቀት ግን ቀያሽ አይሸወድም። ህይወትም ንግዷን ትታ እውነቱን ነገረችኝ። ጋሼ፣ ለወፍ ከሆነ ገንዘብዎን ሌንሱ ላይ ያድርጉ፤ ሙሽራ ና ወደዚህ ሲሉት ይመጣል፣ ወፍ ግን አትመጣም አለችኝ። ካሜራ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይህችን ያዙ፤ ከመካሪ ሁሉ ለኔ የጠቀመችኝ እሷ ናት። አሮጌውን ገዛሁ። ወፍ ስለማትረጋ ፍጥነቱን ከፍ አድርገው፣ እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ደግሞ የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው ያንሱ ብላ አስተካክላ ሰጠችኝ።

የማስደግፍበት ነገር ከጓዳ አገኘሁ። አስካለ ለሽሮ ያዘጋጀችው አንድ ከረጢት ሽምብራ ነበር። ካሜራውን እላዩ ላይ ሳስቀምጠው ቁጭ ይላል፣ አይነቃነቅም። ጠዋት ሽምብራውን በጉያዬ ይዤ እወጣለሁ፣ አስካለ ሳትነሳ እመልሰዋለሁ። አንድ ቀን ሽሮው ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል አለች። እኔ ሌላ ጎረስኩ።

አሁን ሥራ ተጀመረ ብላችሁ ይሆናል። የት ተጀምሮ! በዚህ አገር ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው የሕዝብ ነው፤ የራሱ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ሐይቁ ዳር ፎቶ እያነሱ የሚኖሩት ልጆች ከበቡኝና፣ አባት፣ ይህ ቦታ በተራ ነው የሚሠራበት አሉኝ። እኔ ወፍ ነው የማነሳው ስላቸው፣ ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው ብለው አላመኑኝም። ይሄው! እነሱም አላመኑኝም።

በማግስቱ የታጩ ጥንዶች መጥተው ዛፉ ሥር ካላነሳኸን አሉ። አነሳኋቸው፤ ደስ ይሉ ነበር። በሳምንቱ ሐምራዊ ልብስ የለበሱ መዘምራን መጡ። ሃያ ይሆናሉ። ረጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት አሰልፌ ቀጥ ባለ መስመር አቆምኳቸው፤ ቀያሽ አይደለሁ? ሲጨርሱ አንድ መዝሙር በሲዳምኛ ዘመሩልኝ። ቃሉን በሙሉ አልያዝኩትም፤ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። በዘመኔ ደመወዝ በመዝሙር ተከፍሎኝ አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሄደ። ቤት ገብቼ ስቆጥር ሰው በሽ ነው፤ ወፍ የለም። አባ ኮዳውንስ አግኝቼዋለሁ። ካሜራ ሳዞርበት ቀጥ ብሎ፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው አገጩን ሰብስቦ ይቆምልኛል። አናቱ ግን ባዶ ነው። ቅዳሜ ስመጣ ዳንጊሶ ገና ከሩቅ፣ ማስረጃው መጣ ወይ ይለኛል። ሸንጎው ይስቃል። እኔ ማኪያቶዬን አማስላለሁ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ አሞራ ገደል ደረስኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ዓሣ በላተኛውም ተሰብስቧል። መቼም ሐዋሳ መጥቶ የአሞራ ገደልን ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ ያልበላ ሰው መጣሁ አይበል። እኔ ወደ በላተኛው አላየሁም። ሸንበቆው አጠገብ አባ ኮዳዬ ቆሟል። አንድ ድንጋይ ላይ ሽምብራዬን ዘረጋሁ፣ ካሜራዬን ጫንኩ፣ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆየና ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ።

አናቱ ላይ!

መነጽሬ በካሜራው ቀዳዳ አላሳይ ስላለኝ በጀርባው ስክሪን ነው የማነሳው። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ስላረፈች ደግሞ እሱም በቅጡ አይታየኝም። ቢሆንም ተጫንኩት። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ። እሷ ጥልቅ አለች፣ ዓሣ ይዛ ተመለሰች፣ እንደገና ቁጭ። ጠሽ፣ ጠሽ! ከዚያ ወደ ሸንበቆዋ ገባች። ሽምብራዬን አቅፌ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ተመስገን አልኩ። ገብሬ፣ ቃልህ ተመለሰች አልኩ ለራሴ።

ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ህይወት። ቤት እንኳ አልሄድኩም። ሱቋን ስትከፍት ደረስኩባት። ሚሞሪውን ኮምፒዩተሯ ላይ ሰካችው። ትልቁ ስክሪን ላይ ፎቶው ወጣ።

"ጋሼ" አለች፣ "ወፏ ትንሽ ደብዝዛለች። ከኋላ ያሉት አባት ግን! እንዴት ጥርት ብለው ወጥተዋል!"

የምን አባት? ተጠግቼ አየሁ። አባ ኮዳው አለ። አናቱ ላይ ወፏ አለች፤ ሰማያዊውም ብርቱካኑም ያስታውቃል፣ ዳር ዳሯ ግን ሟሙቷል። ከሷ ኋላ፣ ከአባ ኮዳው አንገት በላይ፣ የሰው ፊት። እያንዳንዱ የጺሙ ፀጉር ይቆጠራል። አፉ ተከፍቷል። እጁ ላይ አንድ ቁራጭ ጥሬ ዓሣ፣ ዳጣው እየተንጠባጠበ ወደ አፉ እየሄደ ነው። ዓይኖቹ በደስታ ተጨፍነዋል።

ዳንጊሶ ነው።

ህይወት እየሳቀች አስረዳችኝ። ካሜራው ሰርግ ላይ ያደገ ስለሆነ የሰው ፊት ፈልጎ እንዲይዝ ተደርጎ የተስተካከለ ነው፤ መቀየሩን እሷም ረስታዋለች፣ እኔም አላውቅ። ወፏን ትቶ ሙሽራውን ያዘ።

አሁን እናንተ፣ ዳንጊሶ ዓሣ ቢበላ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። አለበት! ባለፈው ክረምት ሆዱን ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ከሞት ነው የተረፈው። ሲወጣ ጥሬ ነገር በአፍህ እንዳይዞር ተባለ። ሚስቱ ማርታ ነርስ ናት፤ በቀልድ የማትታማ ሴት። ሁላችንም በተሰበሰብንበት ቃል አስገባችው። እሱም እጁን ዘርግቶ ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ ማርታ ቤቱን እንደ ሆስፒታል ነው የምታስተዳድረው። ጠዋት ጠዋት ግን "ለእግር ጉዞ" ትለቀዋለች።

እና እጄ ላይ ምን ወደቀ? ስሜን የሚያስመልስልኝ አንድ ፎቶ። ያው ፎቶ ጓደኛዬን ቤቱ ውስጥ ያዋርደዋል። ህይወትን ሰውየውን ቁረጪልኝ አልኳት። ሞከረች፤ ሰውየው ሲቆረጥ ወፏም አብራ ትሄዳለች፣ ፊቱ ላይ ነው ያለችው። ፊቱን አደብዝዢው አልኳት። አደበዘዘችው። ይባስ! ፊቱ ተሸፍኖ ጥሬ ዓሣ የሚበላ ሰው ዜና ላይ የሚቀርብ ወንጀለኛ መሰለ። ማንም ቢያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህ ማን ነው ብሎ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። የኔ እውነት እያደር ሲጠራ የጠራው ዳንጊሶ ሆነ።

ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ። ባሳየው ትክክል ነኝ እኮ! ሦስት ወር ሙሉ ያሳቀብኝ እሱ አይደለም? ደግሞ ይህን አስብና፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ እጄን ይዞ፣ ገብሬ፣ አንተ ከጎኔ አትሂድ ያለኝ ትዝ ይለኛል። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው። በመጨረሻ ካሜራዬን ይዤ ወደ ዳንጊሶ ሄድኩ። ማርታ ሥራ ላይ ነበረች።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምንም ሳልናገር ካሜራውን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። እንደ ልማዱ በዳኛ ፊት አየው፤ "ይህ ወፍ ነው ቅጠል?" ማለት ጀመረ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ አየ።

"ላጠፋው ነው የመጣሁት" አልኩት። "ካየኸው ይበቃኛል። አንተ ብቻ እንዳልዋሸሁ እወቅልኝ።"

ቀና አለ። ዓይኑ ረጥቧል።

"ገብሬ፣ ወፏን አውቃታለሁ" አለኝ። "ካንተ በፊት ነው ያየኋት።"

ምን? ደሜ ፈላ። ምን አልክ አልኩት። ሁሉንም ዘረገፈው። ማርታ ለእግር ጉዞ ስትለቀው እሱ አሞራ ገደል ነው የሚሄደው። እዚያ ተቀምጦ ስንት ቀን ወፏን አባ ኮዳው አናት ላይ አይቷታል፤ እሱም ብቻውን ስቋል። እኔ ያን ቅዳሜ መጥቼ ሳወራ ክው አለ። አዎ እኔም አይቻለሁ ቢል፣ አሞራ ገደል ምን ልትሠራ ሄድክ ይባላል። ዝም ቢል ደግሞ ፊቱ ያሳብቅበታል። ስለዚህ ቀድሞ ፈረደብኝ።

"ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ውሸታም ያሰኘኸኝ ለአንድ ቆሮሶ ዓሣ ነው?" አልኩት እየጮኽኩ።

"ለአንድ እንኳን አይደለም" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። "በቀን ሁለት ነው የምበላው።"

መናደዴ ነበር የሚገባው። ሳቄ ቀደመኝ። እሱም ሳቀ። ሁለት ሽማግሎች በረንዳ ላይ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ያየን ሰው ጠጥተዋል ብሎ ይሆናል። ሲረጋጋ ግን ዳንጊሶ ቁም ነገረኛ ሆነ። ሰው ያለ ጥፋቱ ፈርጄበታለሁ፣ ይህ በእግዚአብሔርም በሕግም ነውር ነው አለኝ። ፎቶው ይጥፋ፤ ምስክርነቱን እኔ እሰጣለሁ አለ። እኔም አጠፋሁት። አዎ፣ በገዛ ጣቴ! ስንት የደከምኩበትን።

ቅዳሜ ደረሰ። ሸንጎው ሙሉ ነው። ዳንጊሶ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ማርታን አስከትሎ መጣ። ከሸንጎ በኋላ ሰርግ ስላለባቸው ነው። የሚፈራትን ራሱ ይዞ መጣ ማለት ነው። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ቃሉን ግን አላጠፈም። ብድግ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የአቶ ገብሬን ጉዳይ በድጋሚ መርምሬአለሁ" አለ። "ወፏ አለች። አባ ኮዳው አናት ላይ ትቀመጣለች። በዓይኔ አይቻለሁ። የቀድሞው ውሳኔ ተሽሯል።"

አቤት ያኔ! አንዱ ጨበጠኝ፣ አንዱ ይቅርታ ጠየቀኝ። ዳኛው ካሉ አለቀ አሉ። ፎቶ አሳየን ያለ አንድም ሰው የለም። ሦስት ሳምንት ሽምብራ ተሸክሜ የተንከራተትኩበትን ካሜራ ዞር ብሎ ያየው የለም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ዕድሜ አላገኘም።

"ዳንጊሶ" አለች ማርታ ቀስ ብላ። "የት ሆነህ ነው ያየሃት?"

ዳንጊሶ አፉን ከፈተ፤ ልክ እንደ ፎቶው። ያ ሁሉ ዓመት ሰው ሲመረምር የኖረ ዳኛ በአንዲት ጥያቄ ደረቀ። ዓይኑን ወደኔ ላከ።

ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

"እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ ማርታ" አልኩ። "መስክርልኝ ብዬ ለምኜ፣ ጎትቼ። ዓሣውን እንኳ ቅመስ ስለው፣ አፍንጫውን ይዞ ነው ያለፈው። 'ማርታ ቃል አስገብታኛለች' እያለ።"

ማርታ እሱን አየችው። እኔን አየችኝ። ረጅም አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ፈታ አለ።

"እርስዎ ካሉማ እሺ፣ ጋሽ ገብሬ" አለች። "እርስዎ እንደሆነ ውሸት አያውቁም።"

ሸንጎው በሙሉ፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። እውነት ተናግሬ ሦስት ወር ውሸታም ተባልኩ፤ በዕድሜዬ አንዲት ንጹሕ ውሸት ብዋሽ ስሜ ተመለሰልኝ። እንግዲህ የጀማሪ ካሜራ ለወፍ መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ኑና ጠይቁኝ። ሌንሱን ነው የምትመርጡት፤ ፊት መፈለጉን ደግሞ ቀድማችሁ አጥፉት። የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። ካላመናችሁኝ ዳንጊሶን ጠይቁት፤ ማርታ በሌለችበት።